ስም ያልተጻፈበት ሸክላ፦ ከቶኪዮ እስከ ማሺኮ

የጃፓን የሸክላ ከተማ ማሺኮ የደረስኩት ማክሰኞ ነው፤ ላየው የመጣሁት የሸክላ ሠሪው የሃማዳ ሾጂ ሙዚየም ግን ዝግ ነበር። የጃፓን ሙዚየሞች አብዛኞቹ ሰኞ እንደማይሠሩ አውቃለሁ። ሰኞ በዓል ሆኖ ከዋለ በዕለቱ ከፍተው በማግስቱ እንደሚያርፉ ግን አላጣራሁም። ከኡትሱኖሚያ ከተማ አንድ ሰዓት ያህል በአውቶቡስ ተጉዤ የተቆለፈ በር ካየሁ በኋላ፣ ራሴን እየወቀስኩ አንዲት ትንሽ ማረፊያ ቤት አደርኩ።

ከሁለት ቀን በፊት ቶኪዮ፣ ኮማባ ሰፈር፣ ፈላስፋው ያናጊ ሶኤትሱ እ.ኤ.አ. በ1936 የከፈተውን የሕዝብ ዕደ ጥበብ ሙዚየም አይቼ ነበር። መግቢያው ላይ ጫማ ይወልቃል። የተሰጠኝ ነጠላ ጫማ ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ከእግሬ አመለጠ። ከዕቃዎቹ አጠገብ ያለው ጽሑፍ ጥቁር ጣውላ ላይ በቀይ ቀለም የሰፈረ አጭር መስመር ነው። የሠሪውን ስም ብፈልግ በአብዛኛው የለም። ያናጊና ጓደኞቹ፣ ሸክላ ሠሪዎቹ ሃማዳ ሾጂና ካዋይ ካንጂሮ፣ በ1925 «ሚንጌይ» የሚለውን ቃል ያወጡት ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው፤ ስሙ የማይታወቅ ሰው ለዕለት አገልግሎት ለሠራው ዕቃ። እኛም ጀበና ስንገዛ የሠሪዋን ስም አንጠይቅም። እኛ ዘንድ ስሟን ያስቀረው ግን ፍልስፍና ሳይሆን ንቀት ነው።

ረቡዕ ጠዋት በሩ ተከፈተልኝ። ቦታው ሃማዳ የኖረበትና የሠራበት ግቢ ነው። ከመሞቱ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ1977፣ ሙዚየም አደረገው። «የማሺኮ ማመሳከሪያ ቤት» እንደማለት ያለ ስም ሰጥቶታል፤ ከየአገሩ የሰበሰባቸውን፣ የተማረባቸውን ዕቃዎች ሌላውም እንዲያያቸው ብሎ። ትልልቅ የሣር ክዳን ቤቶች አሉ፤ የድንጋይ ጎተራም አለ። ከሁሉም ረጅም ጊዜ ያቆመኝ ሸክላ የሚቃጠልበት ምድጃ ነው። ክፍሎቹ ተዳፋቱን ተከትለው እንደ ደረጃ ይወጣሉ፤ ከታች የተለኮሰው እሳት ሙቀቱን ከክፍል ወደ ክፍል ያሻግራል። የ2011 የመሬት መንቀጥቀጥ አፍርሶት ነበር፤ መልሰው ሠርተውታል።

ሃማዳ ሸክላው ላይ ስሙን አይጽፍም ነበር፤ ስሙ የሚጻፈው ሸክላው በሚቀመጥበት የእንጨት ሣጥን ላይ ነው። ትሕትናውን አከብራለሁ፤ ሣጥኑ ግን አስቆኛል። መንግሥት በ1955 ሕያው የአገር ቅርስ ብሎ ሰየመው። ዛሬ ብዙ ሰው፣ እኔን ጨምሮ፣ እዚህ ድረስ የሚመጣው ስሙን ሰምቶ ነው።

ሐሳቤን የያዘችው ግን ሚናጋዋ ማሱ ናት። ማሺኮ ከ1853 ጀምሮ የወጥ ቤት ዕቃ፣ እንስራና ማሰሮ የምትሠራ ከተማ ናት። ማሱ ከልጅነቷ አንስቶ በሻይ ማንቆርቆሪያ ላይ ተራራና ውሃ ስትሥል ኖራለች፤ በቀን በመቶዎች የሚቆጠሩ። ሥዕሉን ሲያዩት እጇ ሳያስብ የሄደ ይመስላል፤ ሦስት አራት መስመር፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። እኔ እንደሚመስለኝ የያናጊ ሐሳብ ከሃማዳ ይልቅ ለእሷ ይስማማል።

ያ ሥዕል ያለበት ማንቆርቆሪያ በከተማዋ ሱቆች ዛሬም ይሸጣል። አንዱን አንስቼ ገለበጥኩት። ታችኛው ጎኑ ላይ ምንም የለም። ሻጯ በጋዜጣ ስትጠቀልለው ማን እንደሣለው ልጠይቃት አሰብኩ፤ አውቶቡሱ ሊነሣ አምስት ደቂቃ ቀርቶት ነበርና ከፍዬ ሮጥኩ።