የማክ ሾርትከት በዊንዶውስ ላፕቶፕ፦ እንዴት አደረግኩት፣ ምንስ ተማርኩ

ቀን ሥራ ቦታ ማክ ላይ ውላችሁ ማታ ቤት ስትገቡ የራሳችሁን ዊንዶውስ ላፕቶፕ የምትከፍቱ ከሆነ ችግሩን ታውቁታላችሁ። እጃችሁ ኮፒ ለማድረግ ወደለመደው ቦታ ይሄዳል፣ ስክሪኑ ላይ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። እኔ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ዲዛይነር ነኝ። ባነር፣ የሰርግ ካርድ፣ የቲሸርት ህትመት፣ የሱቅ ታፔላ፣ የመጣውን ሁሉ እንሠራለን። ቢሮ ያለው አይማክ ነው፣ ቤት ያለችኝ ደግሞ ኤችፒ ላፕቶፕ። ማክቡክ በአሁኑ ዋጋ የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ ላፕቶፗን ማክ አደረግኳት። በመልክ አይደለም፣ በኪቦርድ። አሁን ከአንዱ ወደ ሌላው ስሻገር እጄ ልዩነቱን አያውቀውም፣ ይሄ ደግሞ ሥራዬን በጣም አቅልሎልኛል።

ነገሩ የሚገባው ኪቦርዱን ቀረብ ብሎ ላየ ነው። የግራ እጃችሁ አራት ጣቶች ፊደሎቹ ላይ ሲቀመጡ አውራ ጣታችሁ ስፔስ ባሩ ላይ ያርፋል። ማክ ላይ ኮማንድ ያለው እዚያው አውራ ጣት ሥር፣ ከስፔስ ባሩ አጠገብ ነው። አውራ ጣትን ትንሽ ወደ ውስጥ ማጠፍ ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ። እጁ ከቦታው አይነሳም። ዊንዶውስ ላይ ያ ቦታ የኦልት ነው፣ ዋናው ቁልፍ ኮንትሮል ግን ጥግ ላይ ተወሽቋል። ትንሿን ጣት ወደዚያ ለመላክ መዳፋችሁ ይዞራል፣ አንጓችሁ ይጣመማል። ቀኑን ሙሉ ፋይል ለሚያገላብጥ ሰው ይሄ ቀላል አይደለም።

ታሪኩም ደስ ይለኛል። ኮፒና ፔስትን ላሪ ቴስለር ከባልደረባው ቲም ሞት ጋር ሆኖ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዜሮክስ ፓርክ በተባለው የምርምር ማዕከል ነበር። ቴስለር በ1980 ወደ አፕል ሄደ። በ1983 የወጣው ሊዛ ኮምፒውተር ላይ ዜድ (አንዱ)፣ ኤክስ (ካት)፣ ሲ (ኮፒ) እና ቪ (ፔስት) ሥራቸውን ይዘው ተሰለፉ። አራቱም ጎን ለጎን ታችኛው መስመር ላይ ናቸው፣ ለአውራ ጣት ደግሞ ቅርብ። ኮንትሮል ከዚህ ሁሉ በፊት የነበረ፣ ከቴሌታይፕ ዘመን የመጣ ቁልፍ ነው። ተርሚናል የምትጠቀሙ ታውቁታላችሁ፣ እዚያ ኮንትሮል ሲ እየሄደ ያለውን ፕሮግራም ያቆማል እንጂ ኮፒ አያደርግም። ማክ ኮማንድን ለብቻው ስላደረገው ሁለቱ አይጋጩበትም።

ወደ ሥራው ልግባ። ስትጀምሩ ሾርትከቶቹን አንድ በአንድ መለወጥ ያምራችኋል፤ ኦልት ሲ ኮፒ ይሁን፣ ኦልት ቪ ፔስት ይሁን እያላችሁ። ማለቂያ የለውም። ፎቶሾፕ ብቻውን ስንት ሾርትከት አለው? ከሁሉም በላይ ልነግራችሁ የምፈልገው ይሄን ነው፦ መጀመሪያ ቁልፎቹን ራሳቸውን ቦታ አቀያይሩ፣ ሾርትከቶቹ ተከትለው ይመጣሉ። ከዚያ የማይስማሙትን ጥቂቶች ለብቻቸው አስተካክሉ። የቀረው ነገር ሁሉ ዝርዝር ነው።

የቀየርኩት ሦስት ቁልፍ ነው፣ ሁሉም በግራ በኩል። ስፔስ ባሩ አጠገብ ያለው ኦልት ኮንትሮል ሆነ፣ ይሄ የኮማንድን ቦታ ያዘ። ቀጥሎ ያለው የዊንዶውስ ቁልፍ ኦልት ሆነ፣ ማክ ላይ ኦፕሽን ያለበት ቦታ ማለት ነው። ጥግ ያለው ኮንትሮል ደግሞ የዊንዶውስ ቁልፍ ሆነ። የኤፍ ኤን ቁልፍን አትድከሙበት፣ አብዛኛው ላፕቶፕ ላይ ከኪቦርዱ ውስጥ አያልፍም፣ ዊንዶውስ መነካቱን እንኳ አያውቅም። የቀኙን ኮንትሮልና የቀኙን ኦልት አልነካኋቸውም። ምክንያቱን ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

ለሙከራ የተጠቀምኩት ፓወርቶይስ ነው። ራሱ ማይክሮሶፍት የሚያወጣው ነፃ ፕሮግራም ነው፣ ውስጡ ኪቦርድ ማኔጀር የሚል አለ። ይሄ ቁልፍ ያኛው ይሁን ትሉታላችሁ፣ ወዲያው ይሆናል፣ ሪስታርት የለም። ካልተመቻችሁ አጥፍታችሁት ወደ ድሮው ትመለሳላችሁ። ለመጀመሪያ ሳምንታት ከዚህ የተሻለ የለም።

ግን ገደብ አለው። ፓወርቶይስ የሚሠራው ፕሮግራሙ ክፍት እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው። ፓስወርድ የምታስገቡበት መግቢያ ገጽ ላይ አይሠራም። በአድሚን ፈቃድ የተከፈተ ፕሮግራም ላይ ደግሞ እሱም በአድሚን ካልተከፈተ ቁልፎቹ ወደ ድሮ ቦታቸው ይመለሳሉ። አንዳንዴ የሚሠራ አንዳንዴ የማይሠራ ቁልፍ እጅን ግራ ያጋባል፣ ጭራሽ ባልተቀየረ ይሻል ነበር ያስብላል። ስለዚህ አቀማመጡን ከወደድኩት በኋላ ሦስቱን ቁልፎች ሻርፕ ኪስ በሚባል ትንሽ ነፃ ፕሮግራም አጸናኋቸው። እሱ የሚሠራው ሬጂስትሪ ውስጥ፣ ማለትም ዊንዶውስ ሴቲንጎቹን በሚያስቀምጥበት ቦታ፣ የቁልፎቹን ካርታ መጻፍ ብቻ ነው። አንዴ ከጻፈና ላፕቶፑ ሪስታርት ከሆነ ፕሮግራሙ ቢዘጋም ለውጡ ይቆያል፣ መግቢያው ገጽ ላይም፣ አድሚን መስኮት ላይም። ማንሳት ስትፈልጉ መስመሮቹን አጥፍታችሁ እንደገና አስጽፋችሁ ሪስታርት ታደርጋላችሁ።

ይሄ ካርታ የላፕቶፑ ነው፣ የእናንተ አካውንት ብቻ አይደለም። ማንም ቢገባ ያው ነው። ታናሽ ወንድሜ አልፎ አልፎ ጌም ይጫወትባታል፣ ሪስታርት ባደረግኩ ማግሥት "ኧረ እህቴ፣ ኮንትሮሉን የት አደረስሽው?" ብሎ መጣ። የቀኙን ያልነካሁት ለዚህ ነው፣ ለሌላ ሰው ቢያንስ አንድ ኮንትሮል በስሙ ቦታ ላይ መኖር አለበት። ጌሙን ደግሞ በራሱ ሴቲንግ ውስጥ አስተካከልንለት። ካርታው በዩኤስቢ የምትሰኩትን ኪቦርድም ይመለከታል። በተለይ የአፕል ኪቦርድ ከሰካችሁ ተጠንቀቁ። ዊንዶውስ የአፕሉን ኮማንድ እንደ ዊንዶውስ ቁልፍ፣ ኦፕሽኑን እንደ ኦልት ነው የሚያነበው። ስለዚህ በዚህ ካርታ ላይ ሁለቱ ተገልብጠው ይመጣሉ።

እዚህ ድረስ ኮፒ፣ ፔስት፣ ሴቭ፣ ፕሪንት፣ ሰርች፣ ሁሉም በአውራ ጣት ይሠራሉ። አሁን የማይስማሙት ቀሩ። ለእነሱ አውቶሆትኪ የሚባል ፕሮግራም ተጠቀምኩ። ይሄኛው ስክሪፕት የሚባል ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ነው የሚፈልገው፣ እያንዳንዱ መስመር ይሄ ሲነካ ያን አድርግ ይላል። ስክሪፕት ከኢንተርኔት ስትወስዱ ቨርዥኑን እዩ። ቨርዥን 2 በ2022 መጨረሻ ሲወጣ አጻጻፉ ስለተቀየረ ለቨርዥን 1 የተጻፈው ብዙ ጊዜ አይከፈትለትም።

የመጀመሪያው ታብ ነው። ማክ ላይ ኮማንድ ታብ ከአፕ ወደ አፕ ይወስዳል። አሁን ግን አውራ ጣቴ ኮንትሮል ስለሆነ ብሮውዘር ውስጥ ከገጽ ወደ ገጽ ይዘላል። አውቶሆትኪ ለዚህ ዝግጁ ትእዛዝ አለው፤ የግራ ኮንትሮልና ታብ አንድ ላይ ሲነኩ የኦልት ታብን ሥራ ይሥራ ማለት ይቻላል። ከዚያ የብሮውዘሩን ገጽ መቀየሪያ ጥግ ላለው ቁልፍ ሰጠሁት፣ ማክም ላይ ኮንትሮል ታብ ስለሆነ።

ሁለተኛው ቀስቶቹ ናቸው፣ ይሄን ሳታስተካክሉ ፎርም መሙላት አትጀምሩ። ማክ ላይ ኦፕሽንና የግራ ቀስት አንድ ቃል ወደ ኋላ ይወስዳል። ካርታው ከተቀየረ በኋላ ያው እንቅስቃሴ ኦልትና የግራ ቀስት ይሆናል፣ ብሮውዘር ላይ ደግሞ ይሄ ወደ ቀድሞው ገጽ መመለሻ ነው። አስቡት፣ ረጅም ነገር እየጻፋችሁ አንድ ቃል ወደ ኋላ ልመለስ ስትሉ ገጹ ይሄዳል፣ የጻፋችሁት አብሮ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ኦልትና ቀስት ወደ ኮንትሮልና ቀስት፣ ኮንትሮልና ቀስት ደግሞ ወደ ሆምና ኤንድ፣ ማለትም ወደ መስመሩ መጀመሪያና መጨረሻ። ከሺፍት ጋር ያሉትንም አትርሱ፣ አለበለዚያ ጽሑፍ መምረጥ ላይ ትቸገራላችሁ። ባክስፔስም እንደዚሁ። ማክ ላይ ከኦፕሽን ጋር ሲነካ አንድ ቃል ያጠፋል፣ ዊንዶውስ ላይ ግን ኦልትና ባክስፔስ በአንዳንድ ቦታ የሠሩትን ወደ ኋላ መመለሻ ነው። እሱንም ወደ ኮንትሮል ባክስፔስ አዞርኩት።

ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ቋንቋ መቀየሪያው ነበር። ሐዋሳ ውስጥ አንድ ባነር ላይ ሲዳሙ አፎና አማርኛ ጎን ለጎን የሚወጡበት ጊዜ ብዙ ነው። ሲዳሙ አፎ የሚጻፈው በላቲን ፊደል፣ አማርኛው በግዕዝ ፊደል ነው። የፍቼ ጨምበላላ ሰሞን ሥራ ሲበዛ በየመስመሩ መቀየር ይመጣል። በቀን ከኮፒ እኩል የምነካው ይሄን ነው። ማክ ላይ መቀየሪያው ኮንትሮልና ስፔስ ነው። ዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ። እኔ ደግሞ ጥጉን የዊንዶውስ ቁልፍ አድርጌዋለሁ። ስለዚህ ምንም ሳልጽፍ፣ ምንም ሳልነካ፣ እጄ ማክ ላይ የሚያደርገውን ሲያደርግ አማርኛው መጣ። ሦስቱን ቁልፎች በዚህ ቅደም ተከተል እንድታዞሩ የምመክራችሁ ከምንም በላይ በዚህ ምክንያት ነው። የዊንዶውስ ቁልፍ አብሮ ስለተረፈ የቀድሞ ኮፒዎችን የሚያሳየው ዊንዶውስ ቪም አለ፣ ያ ደግሞ ጥሩ ነገር ነው።

ግን አንድ የተደበቀ ነገር አለ። ዊንዶውስ ከዚህ ሌላ በግራ ኦልትና ሺፍትም ቋንቋ ይቀይራል። ኦፕሽንና ሺፍት ይዛችሁ በቀስት ቃል ስትመርጡ ሳታውቁት ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ልትገቡ ትችላላችሁ። ሴቲንግስ ውስጥ ታይም ኤንድ ላንጉዌጅ፣ ከዚያ ታይፒንግ፣ ከዚያ አድቫንስድ ኪቦርድ ሴቲንግስ ግቡ። የቋንቋ ሆትኪዎች የሚለውን ከፍታችሁ የቋንቋ መቀየሪያውንም የኪቦርድ መቀየሪያውንም ኖት አሳይንድ አድርጓቸው። ስፔሱ ይበቃል።

ሌላው ስፔስ፣ ኮማንድና ስፔስ፣ ማክ ላይ መፈለጊያውን ስፖትላይትን ይከፍታል። እኔ ስታርት ሜኑ እንዲከፍትልኝ አደረግኩት፣ የፕሮግራሙን ስም ጀምሬ ኢንተር ማለት ነው። እዚህ ላይ ግን ሁሉም አፕ አንድ አይደለም። ፎቶሾፕ ውስጥ ኮንትሮልና ስፔስ ይዞ መጎተት ወይም ክሊክ ማድረግ ዙም ነው፣ ኤክሴል ውስጥ ደግሞ አንድ ሙሉ ኮለም ይመርጣል። አውቶሆትኪ ይሄ መስኮት ፊት ላይ ሲሆን ይሄን መስመር ተወው ማለት ስለሚቻል ሁለቱን አስወጣኋቸው። የቀረው ፎቶሾፕና ኢለስትሬተር ላይ ምንም መንካት አላስፈለገኝም። ኦፕሽን ይዞ ጎትቶ ኮፒ ማድረግ እንኳ በትክክለኛው ቦታ ላይ ነው፣ ቢሮ እንደምሠራው።

ስክሪንሹት ቀላል ነው። ኮማንድ ሺፍት 4 የነበረው ወደ ዊንዶውስ ሺፍት ኤስ ሄደ።

አንዳንዱን ሆን ብዬ ተውኩት። ኮማንድ ኪው ማክ ላይ አፑን ይዘጋል። ወርድ ውስጥ ግን ኮንትሮል ኪው የአንቀጹን ፎርማት ማጽጃ ነው። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ የመጨረሻው መስኮት ሲዘጋ አብዛኛው አፕ አብሮ ስለሚዘጋ ኮንትሮል ደብሊው በቂ ነው። ማክ ላይ አፑን የሚደብቀው ኮማንድ ኤችም ቀርቷል፣ እዚህ ኮንትሮል ኤች ፈልጎ መተኪያው ስለሆነ አስፈልጎኛል። ፋይል ስም ለመቀየር ኢንተር መንካትን አላመጣሁትም፣ ኢንተር ፎልደር ይክፈት።

ስክሪፕቱን ስታርትአፕ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡት፣ ላፕቶፑ ሲነሳ አብሮ ይነሳል። ኮፒውን ፍላሽ ላይ ያዙ። ዊንዶውስ እንደገና ሲጫን የሬጂስትሪው ካርታም ስክሪፕቱም ይጠፋሉ፣ ፍላሽ ላይ ካሉ ግን ሁሉንም መልሶ ማስገባት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሻርፕ ኪስ ካርታውን ፋይል አድርጎ ሴቭ ያደርግላችኋል፣ እሱንም አብራችሁ አኑሩት። የአንድ አፕ መስኮቶች መካከል ብቻ መዝለያ የሆነውን የማክ ቁልፍ ለጊዜው በኦልት ታብ ነው የማልፈው፣ ብዙ የኢለስትሬተር ፋይል የምከፍተው አንድ መስኮት ውስጥ ስለሆነ አላስቸገረኝም።