እንቁላል ፍርፍር

ታካሚዬ የሚመጣው ከሰንዳፋ ነው። ከእናቱ ጋር ሌሊት ተነስተው፣ ታክሲ ቀያይረው፣ ከተማው ዳር ያለው ሆስፒታላችን 1 ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። በየሦስት ሳምንቱ ለኢሲቲ፤ በሰመመን አስተኝተን አእምሮን በኤሌክትሪክ ለምናክምበት ሕክምና።

እንደ ሁልጊዜው ጠየቅኩት።

«ምንም አልቀመስክም አይደል?»

«ኧረ በልቻለሁ ሲስተር። እንቁላል ፍርፍር በሻይ።»

ተናደድኩ። «ባለፈው እዚሁ አልጋ ላይ ቁጭ ብለህ አልነገርኩህም? ከእኩለ ሌሊት በኋላ እህል አይቀመስም አላልኩህም?» ድምፄ ከፍ ብሏል። በእናቱ ፊት።

ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ «አልነገርሽኝም» አለ።

እናቱ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ቀረብ አሉ። «እኔ ነኝ ያበላሁት፣ ልጄ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሆዱ ባዶ አይሁን ብዬ።»

ሰመመን ሰጪው አልሠራም አለ። ልክ ነው። ሰው በሰመመን ተኝቶ ሆዱ ያለው ምግብ ወደ ሳንባ ቢገባ ሊሞት ይችላል። ካርዱ ላይ «ታካሚው መመሪያ አላከበረም» ተብሎ ተጻፈ። ፈረምኩ። ቀጣዩ ተራ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር።

ማታ ታክሲ ውስጥ ነው የገባኝ። መመሪያውን የምነግረው መቼ ነው? ሕክምናው እንዳለቀ፣ ማገገሚያ አልጋ ላይ። «የት ነው ያለሁት?» ብሎ ሁለቴ ሦስቴ በሚጠይቅበት ሰዓት። ኢሲቲ በሕክምናው ዙሪያ ያለውን ትዝታ እንደሚያደበዝዝ ተማሪ ሳለሁ ለፈተና ያጠናሁት ነው። እናቱ ደግሞ ያን ጊዜ በር ላይ ናቸው። እኛው አናስገባም።

ታዲያ እስከዚያ ቀን እንዴት ሳይታወቅ ቀረ? መጀመሪያ ተኝቶ ሲታከም ምግቡን የምንከለክለው እኛ ነበርን። በተመላላሽ መምጣት ሲጀምር ደግሞ ሁዳዴ ገባ። እሱ እስከ 9 ሰዓት ይጾማል። የኔ ማስጠንቀቂያ የሠራ መስሎኝ ነበር፤ ያዳነን ጾሙ ነው። ፋሲካ ሲያልፍ እናት ለልጃቸው እንቁላል ሰበሩ።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ሌላ ሰው የማይሰማቸው፣ እሱ ብቻ የሚሰማቸው ድምፆች ተመለሱበት። ለአእምሮ ሕመሙ የሚወስደውን መድኃኒት፣ ክሎዛፒኑን፣ አንድም ቀን አላቋረጠም፤ ግን ለእሱ ክሎዛፒን ብቻውን በቅቶት አያውቅም። እንዲህ ያሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ውስጥ በታተመ አንድ ጥናት ክሎዛፒን ካልበቃቸው ሕሙማን ኢሲቲ የተጨመረላቸው ግማሾቹ ተሽሏቸዋል፤ በክሎዛፒን ብቻ ከቆዩት ግን አንድም አልተገኘም። የተሻለው ሰው ሕክምናው ሲቋረጥበት መልሶ ሊታመም ይችላል። ለዚህ ነው በየሦስት ሳምንቱ የሚመላለሰው። ሲመለስ እንቅልፍ አጥቶ፣ ከስቶ፣ እናቱን እንኳ በጥርጣሬ እያየ ነበር። እንደገና አስተኝተን በሳምንት ሁለቴ ጀመርን።

አሁን መመሪያውን በወረቀት ጽፌ ለእናቱ እሰጣለሁ። ማንበብ ስለማይችሉ ጎረቤታቸው ያለች ተማሪ ታነብላቸዋለች። ዋዜማው ማታ ደግሞ በስልኬ እደውላለሁ።

እናቱን ይቅርታ ጠይቄያለሁ። እሱንም ጠየቅኩት፤ ግን ያንን ጠዋት አያስታውሰውም። ካርዱ ላይ ያለው ይስተካከል ብዬ አለቃዬን ስጠይቅ «የተጻፈ ካርድ አይሰረዝም» ተባልኩ። እኔም አልሰረዝኩም። ከሥሩ «መመሪያው የተነገረው ከሰመመን እንደነቃ ነው» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።