የመንዝ ሱፍ በሲልፍራ ውሃ ውስጥ

መንዝ ያደገ ሰው ብርድን ከመጽሐፍ አይማርም። በኅዳር ሌሊት ውርጭ ሲወርድ አያቴ በጋቢያችን ላይ ባና ትደርብልን ነበር። ባናው ከራሳችን በጎች የተሸለተና እሷ በእንዝርት የፈተለችው ሱፍ ነው። «ጋቢ የሚሞቀው እስከሚረጥብ ነው፤ ባና ግን ረጥቦም አይከዳችሁም» ትለን ነበር። ያንን ቃሏን ከሠላሳ ዓመት በኋላ አይስላንድ ውስጥ፣ ሲልፍራ በሚባለው በውሃ የተሞላ የመሬት ስንጥቅ፣ ሁለት ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ውሃ ዳር ቆሜ አስታወስኩት።

መጥለቅ የተማርኩት ግብፅ፣ ሁርጋዳ ነው። ቀይ ባሕር በክረምታቸውም ቢሆን ከሃያ ዲግሪ በላይ ነው፤ ሆኖም ለሁለተኛ ጊዜ ጠልቄ ልወጣ ስል ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር። ውሃ የሰውን ሙቀት ከአየር በሃያ አምስት እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ይወስዳል። እዚያ የምንለብሰው ዌት ሱት ደግሞ ውሃ ያስገባል፤ ሰውነት ያንን ስስ ውሃ ያሞቀውና ይዞት ይቆያል። የልብሱ ጨርቅ፣ ኒዮፕሪኑ፣ በጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች የተሞላ ነው። ወደ ታች ሲወርዱ የውሃው ክብደት አረፋዎቹን ይጨፈልቃቸዋል፤ ስለዚህ ልብሱ በጣም በሚያስፈልግበት ጥልቀት ላይ ይሳሳል።

ሲልፍራ ግን ውሃ ፈጽሞ የማያስገባ ድራይ ሱት ይጠይቃል። የምኖረው ስቶክሆልም ስለሆነ የዚህን ልብስ አጠቃቀም አንድ የስዊድን ሐይቅ ውስጥ በመጸው ተማርኩ። የመጀመሪያው ቀን አልተሳካልኝም። ከውስጥ የጥጥ ካናቴራ ለብሼ ነበር። ልብሱን ለመልበስ ስታገል አላበኝ፤ ላቡ ካናቴራው ውስጥ ቀረ፤ ውሃ ውስጥ ከገባሁ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ጀርባዬ ላይ እንደ በረዶ ተለጠፈ። አሠልጣኙ መንቀጥቀጤን አይቶ ወዲያው አወጣኝ። ድራይ ሱት በራሱ ሙቀት የለውም፤ ሙቀቱን የሚይዘው በልብሱና በገላ መካከል የታሰረው ደረቅ አየር ነው። ጥጥ ሲረጥብ ያንን አየር ያጣል፤ ሱፍ ግን ፀጉሩ ስለሚጠማዘዝ ረጥቦም ቢሆን ጥቂት አየር አቅፎ ይቆያል። አያቴ ምክንያቱን ባታስረዳንም ነገሩን ጨርሳ ታውቀዋለች።

በየካቲት ከአንዲት የባሕር ዳር ልጅ ጋር ወደ ሬይክያቪክ በረርን። ጓደኛዬ ነርስ ናት፤ ጣና ላይ እየዋኘች ያደገች። ከከተማው ቲንግቬሊር ብሔራዊ ፓርክ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። አይስላንዳውያን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ930 ጀምሮ ሸንጓቸውን ሜዳ ላይ የተቀመጡት እዚህ ነው። የሰሜን አሜሪካና የዩሬዥያ የምድር ንጣፎች በዓመት ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል እየተራራቁ መሬቱን የሚሰነጥቁትም እዚህ ነው። እኛ ደግሞ ይህንን ከአፋር እናውቀዋለን፤ በ1998 ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ላይ ዳባሁ አካባቢ ስድሳ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት በጥቂት ቀናት ውስጥ ተሰንጥቆ ነበር። እዚያ እሳት፣ እዚህ የበረዶ ውሃ። አስጎብኚዎች «በአንድ እጅህ አሜሪካን፣ በሌላው አውሮፓን ትነካለህ» ማለት ይወዳሉ። እኔ ግን ይህን አባባል አልተቀበልኩትም። የንጣፎቹ ድንበር ኪሎ ሜትሮችን የሚሸፍን ሸለቆ ነው፤ ሲልፍራም በውስጡ ካሉት ብዙ ስንጥቆች አንዱ ነው። ለእኔ ይህ እውነት ከአባባሉ ይበልጣል።

ውሃው ከላንግዮኩል የበረዶ ግግር ይነሣና ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል በእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ እየተጣራ ይመጣል፤ ለዚህም አሥርት ዓመታት ይፈጅበታል። በጋ ከክረምት ከሁለት እስከ አራት ዲግሪ ነው፤ ስለሚፈስም በረዶ አይሠራም። እኛ በደረስንበት ጠዋት አየሩ ከዜሮ በታች ሰባት ዲግሪ ስለነበረ ውሃው ከአየሩ ይሞቅ ነበር።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ገና ሲነጋ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ መልበስ ጀመርን። ከገላዬ ጋር የሚገናኘው ስስ ሱፍ፣ በላዩ እንደ ብርድ ልብስ የተደረበ ወፍራም ሙሉ ልብስ፣ ከዚያም ድራይ ሱቱ። የሱፍ ካልሲ አንድ ብቻ። ሁለት ቢሆን ጫማው ይጠብና ደሙም አየሩም መተላለፊያ ያጣል። ከባዱ ነገር አንገት ነው። ከላቴክስ፣ ከሚለጠጥ ስስ ጎማ፣ የተሠራውን ቀጭን አንገትጌ በሁለት እጄ ወጥሬ ጭንቅላቴን አሾለክሁ። ጉሮሮዬን እንደ እጅ ጨበጠኝ። አስጎብኚው በጣቱ ዙሪያውን ዳሰሰና ቆመ፤ አንዲት የፀጉር ዘለላ ሥሩ ገብታ ነበር። በዋዜማው ሹሩባ የተሠራሁት ይህ እንዳይሆን ብዬ ነው፤ ሆኖም ማጅራቴ ላይ አንዷ አምልጣለች። በዚያች ዘለላ ጎን ውሃ ተከትሎ ይገባል። መዝዞ አወጣትና እንደገና ዳሰሰ። ያንን ትዕግሥቱን እስካሁን አመሰግነዋለሁ።

በብረት ደረጃው ወርደን ፊታችን ውሃ እስኪነካ ድረስ ከሲሊንደሩ አየር እንዳንስብ ታዘዝን። የታመቀ አየር ሲለቀቅ በጣም ይቀዘቅዛል፤ በዚያ ላይ የትንፋሻችን እርጥበት በአፍ በሚያዘው መተንፈሻ፣ በሬጉሌተሩ፣ ውስጥ በረዶ ከሠራ ቫልቩ ተከፍቶ ይቀርና አየሩ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ደረት ላይ ባለው ቁልፍ ወደ ልብሱ የምናስገባውም አየር በአጭር በአጭሩ መሆን አለበት አለን አስጎብኚው።

ከዚያ ገባሁ። በመነጽሩና በሬጉሌተሩ መካከል የተገለጠችው ከንፈሬ እንደ ወስፌ ተወጋች፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ደነዘዘች። ወደ ታች ስወርድ ልብሱ ገላዬ ላይ ተጣበቀና የውስጥ ልብሴ ተጨፈለቀ፤ ብርዱም ያንኑ ጊዜ ደረቴ ላይ ደረሰ። ደረቴ ላይ ያለውን ቁልፍ አንድ ጊዜ ነካሁት። አየሩ ሹልክ ብሎ ገባ፣ ሱፉ ተነፋ፣ ሙቀቱም ተመለሰ። ልክ ባናው ሲደረብልኝ የነበረው ስሜት ነው። አየሩን ማብዛት ግን አይቻልም፤ ወደ እግር ይሄድና ሰውን ይገለብጣል።

ቀና ስል ጓደኛዬ ሰፊው ስንጥቅ መሐል፣ ሰማያዊ አየር ላይ የተንሳፈፈች መሰለኝ። ውሃ መኖሩን የሚነግረኝ አረፋዋ ብቻ ነበር። ከመቶ ሜትር በላይ ጥርት ብሎ ይታያል። ካቴድራል በሚሉት ክፍል ግድግዳዎቹ ከሥራቸው እስከ አናታቸው በአንድ እይታ ይታያሉ። ብሩህ አረንጓዴ ዋቅላሚ እንደ ፀጉር ይወዛወዛል።

ሃያ ደቂቃ ገደማ ላይ ጣቶቼን መርሳት ጀመርኩ። ጓንቱ ውሃ የሚያስገባ ዓይነት ነው። ላሞቃቸው ብዬ ግራ እጄን አጥብቄ ጨበጥሁ፤ ወዲያው ቀዝቃዛ መስመር ከእጅ አንጓዬ ወደ ክርኔ ሮጠ። ስንጨብጥ የእጅ አንጓ ጅማቶች ይወጠሩና በእጅጌው ጫፍ ላቴክስ ሥር ቦይ ይሠራሉ። ጣትን ቀስ አድርጎ ማንቀሳቀስ እንጂ መጨበጥ እንደማይገባ ተነግሮኝ ነበር።

ልታገሠው አሰብኩ፤ ግን የደነዘዘ እጅ ቁልፍ አይጫንም፣ ለባልንጀራም መተንፈሻ አያቀብልም። ብርድ ቀስ ብሎ አሳብንም ያዘገያል፤ ያን ጊዜ ሰው መቀዝቀዙን ራሱ አያውቅም። እጆቼን አጣምሬ ክንዶቼን አሻሸሁ፤ በጠላቂዎች ምልክት «በረደኝ» ማለት ነው። አስጎብኚው ወዲያው ወደ መውጫው አመራን።

ስንወጣ የመቅዘፊያ ጫማዬን ማሰሪያ ጣቶቼ መፍታት አቃታቸው፤ ጓደኛዬ ፈታችልኝ። ወደ መኪናው ያለውን መንገድ ሲሊንደሩን አዝለን በእግራችን ተመለስን፤ ያ ጉዞ ደሜን ወደ ጣቶቼ መለሰው። ትኩስ ቸኮሌት ሰጡን። ኩባያውን በሁለት መዳፌ ይዤ ለረጅም ጊዜ ሳልጠጣ ቆየሁ።

ልብሱን ሳወልቅ ሌላው ሁሉ ደረቅ ነበር፤ የግራ እጅጌዬ ብቻ እስከ ክርኔ ርሷል። ጓደኛዬ ያዝ አድርጋው ደነገጠች።

«እንዴ፣ ይሞቃል እኮ! ምንድን ነው የለበስሽው?»

«ሱፍ ነው» አልኳት።

የረጠበው እጅጌ በሰባት ዲግሪው ብርድ ውስጥ ቀስ ብሎ ይጨስ ነበር።