ሐሙስ ከሰዓት፣ የወረቀቱ ቤት

ጣሊያን ውስጥ ሰው ቤት እያደራችሁ አረጋውያን የምትጠብቁ እህቶቼ ሐሙስ ከሰዓት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። የዕረፍት ጊዜያችን እሑድ አለ፣ ሐሙስ ከሰዓት አለ፣ በቃ። ሳሌርኖ ከመጣሁ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ሐሙሴን የጨረስኩት ባሕር ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ስልክ እያየሁ ነው። ሮም ያሉት ጓደኞቼ ቤተ ክርስቲያን አላቸው፣ ቡና የሚጠጡበት የሐበሻ ቤት አላቸው። እኔ እዚህ ማንም አልነበረኝም።

የምጠብቃቸው ሲኞራ ናቸው አንድ ቀን "ያ ወንበር አይሰለችሽም? አውቶቡስ ያዢና አማልፊ ሂጂ፣ የወረቀቱን ቤት እዪ" ያሉኝ። አባቴ ብራና ላይ የሚጽፍ ቁም ጸሐፊ መሆኑን ነግሬያቸው ነበር። አልረሱትም።

ከሳሌርኖ አማልፊ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ አውቶቡሱ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። መንገዱ ገደል ላይ የተለጠፈ ነው። በአንድ በኩል ዓለት፣ በሌላ በኩል ከታች ባሕር፣ ሁለት አውቶቡሶች ኩርባ ላይ ከተገናኙ አንዱ እየተሳበ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። የሎሚው እርሻ በድንጋይ እርከን ላይ ነው፣ ኮንሶን ያየ ሰው ወዲያው አገሩን ያስታውሳል። አማልፊ ስትደርሱ ሕዝቡ ሁሉ ካቴድራሉ ደረጃ ላይ ነው። እናንተ ዝም ብላችሁ ዋናውን መንገድ ወደ ላይ ያዙ። ሱቁ እየሳሳ፣ ጫጫታው እየቀነሰ ይሄዳል፣ ቀዝቃዛ አየር ይመጣል፣ ከዚያ የውሃ ድምፅ ትሰማላችሁ። የወፍጮዎች ሸለቆ ይሉታል።

የወረቀት ሙዚየሙ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ወረቀት ሲሠራበት የኖረ ቤት ነው። ወረቀት ከሚሠራ ቤተሰብ የተወለዱት ኒኮላ ሚላኖ በ1969 ለሙዚየምነት አዋሉት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ግድግዳው እርጥብ ነው፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። ትልልቅ ሙዚየሞች ሄጄ አውቃለሁ፤ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ያልፋል፣ ማንም አያናግራችሁም። እዚህ ግን የዚያን ቀን ጎብኚዎቹ አምስት ብቻ ነበርን። አስጎብኚው አንድ ሽማግሌ ናቸው፣ እጃቸው ወፍራም፣ የሠራ ሰው እጅ።

የድሮው ወረቀት ከእንጨት አልነበረም የሚሠራው። ከቡትቶ ነው። ያለቀ የጥጥና የተልባ እግር ጨርቅ ይሰበሰባል፣ ይቆራረጣል፣ ድንጋይ ገንዳ ውስጥ ከውሃ ጋር ይገባል። ገንዳው ላይ ጫፋቸው የብረት ምስማር የተተከለባቸው ትልልቅ የእንጨት መዶሻዎች አሉ። ከወንዙ የሚመጣው ውሃ መዘውሩን ሲያዞረው መዶሻዎቹ በየተራ ይነሳሉ፣ ይወድቃሉ። ሽማግሌው ውሃውን ለቀቁት። ዱም፣ ዱም፣ ዱም። የእናቴ ሙቀጫ ነው! ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ማንም እንዳያየኝ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ለስንት ዓመት ያልሰማሁት ድምፅ ነው፣ እዚያ ጉድጓድ የመሰለ ቤት ውስጥ የጠበቀኝ።

ቡትቶው እንደ አጥሚት ሲቀጥን ወደ ሌላ ገንዳ ይሄዳል። ከዚያ ወንፊት የመሰለ፣ ቀጭን ሽቦ የተወጠረበት አራት ማዕዘን ፍሬም አለ። "ማን ይሞክራል?" አሉ። እኔ ወጣሁ። እጅጌዬን ሰብስቤ ፍሬሙን ውሃው ውስጥ አስገባሁ፣ አግድም አድርጌ አነሳሁት፣ እሳቸው እጄን ይዘው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትንሽ ነቅነቅ አደረጉልኝ። ውሃው በሽቦው መሃል ተንጠባጥቦ ሲያልቅ ላዩ ላይ ነጭ ስስ ነገር ቀረ፣ ልክ የረጋ ወተት ላይ እንደሚቀር ስልባቦት። የሱፍ ጨርቅ ላይ ገልብጠው ጫን አሉት፣ ተላቀቀ። ሽቦው ላይ በቀጭን ሽቦ የተሰፋ ምልክት ስላለ፣ እዚያ ቦታ ወረቀቱ ይሳሳል። ሲደርቅ ወደ ብርሃን ስታነሱት ምልክቱ ይታያል። የሠሪው ማኅተም ነው።

ከዚያ ስለ ንጉሡ ነገሩን። አማልፊዎች በባሕር እየነገዱ ከዓረቦች ጋር ይገናኙ ነበር፣ የወረቀት ጥበብም በዚያው መንገድ መጣ። በ1231 ግን ደቡብ ጣሊያንን ይገዛ የነበረው ንጉሠ ነገሥት ፍሬዴሪክ ዳግማዊ የመንግሥት ሰነድ ወረቀት ላይ እንዳይጻፍ ከለከለ። አይበረክትም ብሎ። ምን ላይ ይጻፍ አለ? ብራና ላይ! ይኼን ስሰማ አላስቻለኝም፣ "አባቴ እስከ ዛሬ ብራና ላይ ነው የሚጽፉት" አልኩ ጮክ ብዬ። ሽማግሌው ንግግራቸውን አቆሙ። "የት?" ጎጃም አልኳቸው፣ ኢትዮጵያ። ሌሎቹ ጎብኚዎች ሲወጡ እኔን አስቀሩኝና ቆዳው እንዴት እንደሚዘጋጅ በዝርዝር ጠየቁኝ። የፍየል ቆዳ ውሃ ውስጥ እንደሚዘፈዘፍ፣ መወጠሪያ እንጨት ላይ በገመድ እንደሚወጠር፣ በቢላ እንደሚፋቅ፣ መስመሩ በወስፌ እንደሚሠመር፣ ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት እንደሚበጠበጥ፣ በተሰባበረ ጣሊያንኛዬ ነገርኳቸው። የማላውቀውን ቃል በእጄ አሳየሁ። በዚህ አገር ስለ አባቴ ሙያ ከሲኞራ ሌላ የጠየቀኝ ሰው እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ወዲያ ወንበሩን ተውኩት። በየሐሙሱ አንድ ትንሽ ቤት ነው። ራቬሎ ላይ ከአንድ ሱቅ ጀርባ ያለው የኮራል ሙዚየም ሄጃለሁ፣ ዛጎል ላይ የተቀረጹት ፊቶች በጣም ያምራሉ። ሶሬንቶ ደግሞ ከእንጨት ላይ እንጨት እየከተቱ ሥዕል የሚሠሩበትን ሙያ የሚያሳይ ሙዚየም አለ፣ ከሳሌርኖ ግን ለግማሽ ቀን ሩቅ ነው፣ ለእሑድ ያዙት።

ስለ ራይቶ ግን ረዘም አድርጌ መጻፍ አለብኝ። ቪዬትሪ ከሳሌርኖ አፍንጫ ሥር ናት፣ የሴራሚክ ከተማ ናት፣ ራይቶ ደግሞ ከእሷ በላይ ተራራው ላይ ያለች መንደር ናት። የሴራሚክ ሙዚየሙ እዚያ ቪላ ጓሪልያ በሚባል ግቢ፣ ትንሽ ግንብ ውስጥ ነው። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ከጀርመንና ከሌላም አገር የመጡ ሠዓልያን ቪዬትሪ ተቀምጠው ከአገሬው ሸክላ ሠሪዎች ጋር ሠርተዋል። ሪሻርድ ዶልከር የሚባለው ጀርመናዊ የሠራት ትንሽ አህያ ዛሬ የቪዬትሪ ምልክት ናት፣ የማታዩበት ሱቅ የለም። የከተማዋን መታወቂያ የሰጣት የውጭ አገር ሰው ነው። መስታወት ውስጥ ያለችውን አህያ ቆሜ ብዙ አየኋት፣ ሆዴ ውስጥ ደስ የሚል ነገር ተሰማኝ።

ትኬት የምትቆርጠው ሴት ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። ኢትዮጵያ ስላት ትንሽ ዝም አለችና "እንግዲያው ስለዚህ ቤት ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ" አለችኝ። የቪላው ባለቤት ራፋኤሌ ጓሪልያ ዲፕሎማት ነበር። በ1935 በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የኢትዮጵያን ጉዳይ የያዘውን ክፍል የመራ፣ በ1943 ደግሞ በባዶሊዮ መንግሥት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆነ ሰው ነው። ባዶሊዮ፣ አዎ፣ ያው እኛ የምናውቀው፣ ኢትዮጵያን የወረረው ጦር አዛዥ። በ1944 የጣሊያን መንግሥት ሳሌርኖ በነበረበት ጊዜ ደግሞ ንጉሥ ቪክቶር አማኑኤል 3ኛ የተቀመጠው እዚሁ ቪላ ውስጥ ነው። በ1936 "የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት" ተብሎ የታወጀለት ሰው! ሥልጣኑን ለልጁ ሲያስረክብም የፈረመው ከዚያ ብዙም በማይርቀው ራቬሎ ነው።

ወደ በረንዳው ወጣሁ። ባሕሩ ሰማያዊ ነው፣ ሳሌርኖ ከታች እንደ መዳፍ ተዘርግታለች። አያቴ በዚያ ዘመን ጫካ የገቡ አርበኛ ነበሩ። ለአባቴ ደወልኩ፣ ነገርኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

"እና አንቺ አሁን እዚያ በረንዳ ላይ ነሽ?"

"አዎ አባዬ።"

"ደህና አድርገሽ እዪልኝ።"

አየሁላቸው። አውቶቡሱ እስኪያመልጠኝ ድረስ።

ባለፈው ዓመት ከወረቀት ሙዚየሙ ሱቅ ሦስት ቅጠል ገዝቼ አገር ቤት ለምትሄድ እህት አስያዝኳት። አባቴ በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉት፣ ወደ ፀሐይ አንስተው ምልክቱን አዩት፣ ከዚያ ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ቀለም ይጠጣል ወይስ ይይዛል?" አላውቅም ነበር። ሐሙስ ሄጄ ሽማግሌውን ጠየቅኳቸው። ፊታቸው በራ። ወረቀቱ ከደረቀ በኋላ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት በሚወጣ ሙጫ ይነከር ነበር፣ ቀለሙ እንዳይሰራጭ የሚያደርገው እሱ ነው አሉኝ። ለአባቴ ነገርኳቸው። "አየሽ፣ ያለ ቆዳ አልሆነላቸውም" አሉኝ ደስ ብሏቸው።

ከወር በኋላ በቴሌግራም ፎቶ መጣልኝ። አማልፊ ወረቀት ላይ፣ በመቃ ብዕር፣ በአባቴ ቁም ጽሕፈት ሁለት መስመር ግዕዝ። አልተሰራጨም፣ ፊደሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሐሙስ እስኪደርስ አልቻልኩም።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አደረጉ፣ ስልኬን ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰዱት። የሥራ ባልደረቦቻቸውን ጠሩ። ከዚያ በዚያ ወፍራም ጣታቸው ቀይ ቀለም የተጻፈበትን ቦታ ነክተው "ይኼ ብቻ ለምን ቀይ ሆነ?" አሉኝ።

"የማርያም ስም ነው" አልኳቸው።

"አንብቢልን።"

መዶሻዎቹን አቆሙልኝና አነበብኩት።