ጋሼ የቆጠሩት አበባ

ዘመድ አንድ ጊዜ የሠራሽውን ሥራ አይረሳም። እኔ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ሆለታ አካባቢ አንድ የአበባ እርሻ ተቀጥሬ ነበር። ማሸጊያ ክፍል ቆሜ ጽጌረዳ በርዝመት እለያለሁ። 40 ሴንቲ እዚህ፣ 50 እዚያ፣ 60ው ለብቻ። ዛሬ ስታዲየም አካባቢ ቢሮ ተቀምጬ ሒሳብ ነው የምሠራው። ለዘመድ ግን አሁንም «የአበባዋ ልጅ» ነኝ። ክርስትና ሲሆን ይደወላል። ምረቃ ሲሆን ይደወላል። እንዲያውም አንድ ጊዜ የጎረቤት በግ አበባ በላ ተብሎ ተደውሎልኛል።

ከፋሲካ በኋላ ደግሞ አክስቴ ደወለች።

«እሁድ ሽማግሌ ሊመጣ ነው። ሳሎኑን በአበባ አሳምሪልኝ። ለብር አታስቢ።»

ትንሽ ዝም አለችና «ግን ደግሞ አታብዢው» አለች።

ቅዳሜ በጠዋት ፒያሳ ወጣሁ። ጽጌረዳ ሲገዛ ዓይን ብቻውን አይበቃም። እንቡጡን ከሥሩ፣ አረንጓዴው ጋ፣ በሁለት ጣት ቀስ አድርጎ መጫን ነው። ጠንከር ካለ ትኩስ ነው። እሺ እሺ ካለ ሰንብቷል። የላይኛዋ ቅጠል ዳር ዳሯን ብትጠቁር ግን አትሽሹ። እሷ የውስጦቹ ዘበኛ ናት፤ ቤት ሲደርስ ትነቀላለች። ሻጩ እንቡጡን ስጫን አይቶ «እህቴ፣ ቲማቲም እኮ አይደለም» አለኝ። አመራረጡ ከቲማቲም በምን እንደሚለይ ግን ሊያስረዳኝ አልቻለም።

አራት እስር ጽጌረዳ ገዛሁ፣ ሁለት ነጭ፣ ሁለት ሮዝ። ካርኔሽንም ጨመርኩ። ጂፕሶፊላን፣ ያቺን ነጭ ብናኝ የመሰለች አበባ፣ ሻጩ በግድ ሊያሲዘኝ ሞከረ። ታምራለች፣ አልክድም። ግን ትሸታለች። በተዘጋ ሳሎን ውስጥ ከሽማግሌዎቹ የአንዱን ካልሲ ታስጠረጥራለች። ተውኳት።

ከፒያሳ አራት ኪሎ በሚኒባስ ተሳፈርኩ። ወያላው ገና ሳልቀመጥ «እህት፣ አበባው ሒሳብ አለው» አለኝ።

«ጭኔ ላይ ነው እኮ የማስቀምጠው!»

«ይሁን፤ ግን ከኋላሽ ያሉትን ሰዎች ማየት አልቻልኩም። ከፍለው ይሁን ሳይከፍሉ በምን አውቃለሁ?»

አጠገቤ የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ማን አርፎ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ኧረ ማንም አላረፈም እማማ። ሽማግሌ ሊመጣ ነው።»

«እሰይ! እኔማ ለቀብር መስሎኝ ከንፈሬን ልመጥ ነበር» አሉና ለሾፌሩም ነገሩት። እስክወርድ ታክሲው ሙሉ መረቀኝ። የምታገባው እኔ እንዳልሆንኩ ለማስረዳት ጊዜ አልበቃኝም።

የአክስቴ ቤት ግንፍሌ ነው፣ ከአራት ኪሎ ወረድ ብሎ። አፍሪካ ውስጥ ከኬንያ ቀጥሎ አበባ በብዛት ወደ ውጭ የምንልከው እኛ ነን። አክስቴ ቤት ያለው የአበባ ማስቀመጫ ግን አንድ ነው፤ እሱም ከሰርጓ ጀምሮ የፕላስቲክ አበባ ይዞ ቲቪው ጎን ተቀምጧል። የፕላስቲኩን አወጣሁት። ሁለት ጆግ አገኘሁ። አንድ የወተት ቆርቆሮ በሪባን ጠቀለልኩ። ለካርኔሽኑ የድራፍት ጃምቦ ደረሰው።

ቀጥሎ ውሃ። ሰፈሩ ውስጥ ውሃ በተራ ነው የሚመጣው፤ ሳምንቱን ሙሉ የሚኖረው በርሜልና ጀሪካን ላይ ነው። ጀሪካኑን ሳነሳ አክስቴ ከጓዳ ብቅ አለች።

«ለአበባ? እኛ በጆግ እየታጠብን?»

አንድ ጀሪካን በስንት ልመና ተፈቀደልኝ። አዘገጃጀቱ ቀላል ነው። ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሁለት ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በረኪና። ስኳሩ ምግቡ ነው። ሎሚው ውሃው በግንዱ ውስጥ በቀላሉ እንዲወጣ ይረዳል። በረኪናው ውሃውን የሚያበላሸውን ባክቴሪያ ይገድላል። ውሃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል ሁሉ መልቀም፣ ግንዱን ውሃ ውስጥ እንዳለ ሰያፍ አድርጎ በስለታም ቢላዋ መቁረጥ። አየር ላይ ከተቆረጠ በግንዱ ውስጥ አየር ይገባና የውሃውን መንገድ ይዘጋዋል።

አያቴ ከሶፋው ጥግ ሆነው ይህን ሁሉ በጥሞና ይከታተላሉ። እኛ እማማ ነው የምንላቸው።

«በረኪናውስ ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «ነጠላም በእሱ ነው የሚታጠበው። ስኳሩ ግን የቡና ስኳር ነው።»

«አበባው እንዲቆይ ነው እማማ።»

«አደይ አበባ ስኳር አይጠይቅም።»

«አደይ እኮ የሚገኘው መስከረም ላይ ነው። ደግሞ ተቀጥፎ ብዙም ሳይቆይ ይረግፋል።»

«ታዲያ ሽማግሌስ ምን ያህል ሊቆይ ነው?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

ሲመሻሽ ሁሉንም ሰብስቤ አስጠነቀቅኩ። ፀሐይ አያገኘው። እሳት አጠገብ አይሁን። ከሁሉ በላይ ከፍራፍሬ ይራቅ። «እሺ» አለች አክስቴ። «እሺ» አለች ሠራተኛዋ። እማማም «እሺ» አሉ። የቤተሰብ እሺ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

እኔ እንደወጣሁ አክስቴ ጠረጴዛው ባዶ መሰላት። በደንብ የበሰለ ሙዝ፣ ማንጎና አቮካዶ በሳህን ቆልላ ካርኔሽኑን መሀል አስገባችው። አቧራ እንዳይገባ መስኮቱን ዘጋች። ቡና ተፈላ፣ ዕጣን ጨሰ፣ ጎረቤት ተጠራ፣ እስከ ውድቅት ተወራ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የበሰለ ፍራፍሬ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሽታ አለው ብላችሁ አትጠብቁ። ሙዙን የሚያበስለው እሱ ነው፣ አበባውንም የሚያስረጀው እሱ ነው። ጭስ ውስጥም አለ። ካርኔሽን ደግሞ ለዚህ ጋዝ ጨርሶ አቅም የለውም።

እሁድ ጠዋት ስደርስ ካርኔሽኑ ሁሉ ቅጠሉን ወደ ውስጥ ጠቅልሎ ተኝቷል። የተከፈተ አበባ ተመልሶ ሲዘጋ አይታችሁ ካላወቃችሁ፣ ያን ጠዋት ጃምቦውን ማየት ነበረባችሁ።

«ያረጀ አበባ ነው የሸጡሽ» አለች አክስቴ።

«ሙዙ ነው የገደለው!»

«ሙዝ ማንን ገድሎ ያውቃል?» ብላ አንዱን ልጣ በላች።

ጽጌረዳው በኤቲሊኑ ያን ያህል አልተጎዳም። እሱን ያገኘው ሌላ ነው። ሠራተኛዋ ማታ ዕቃዎቹ በረኪና በረኪና ሲሏት አልታጠቡም ብላ ውሃውን ደፋችው። አበባውን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አጋደመችው፣ ዕቃዎቹን አጥባ እንዲደርቁ ደፋቻቸው፣ ከዚያ ቡናው ተጠራና ሄደች። አበባው ወደ ቦታው የተመለሰው ከሦስተኛው በኋላ ነው። ይኸው አንገቱ ጎብጦ ምንጣፉን ያያል። የእኛ እርሻ ጽጌረዳ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ብርድ ውስጥ ቆይቶ፣ ከቦሌ በአውሮፕላን ተጭኖ፣ ሆላንድ አልስሜር ጨረታ ድረስ ሄዶ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ግንፍሌ አንድ ሌሊት ማደር አቃተው!

ለዚህ እንኳን መድኃኒት አለው። ግንዱን እንደገና መቁረጥና አበባውን ከነራሱ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ማጋደም ነው። ትልቁን ሳፋ መታጠቢያ ቤት አስገብቼ ሁሉንም ዘፈቅኳቸው። ብዙም ሳይቆዩ አንገታቸው መቃናት ጀመረ። እማማ በበሩ ሲያልፉ ጎንበስ ብለው አዩና «እኔ ለቅዳሴ በጣሳ ታጥቤ ሄድኩ፤ እነዚህ በሳፋ ይንቦራጨቃሉ» ብለው አለፉ።

ከሰዓት ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። አራቱ ዕቃ ላይ አስር አስር ጽጌረዳ ቀጥ ብሎ ቆመ። የተኛው ካርኔሽን ተደበቀ። ልክ ያን ጊዜ ጋሼ ገቡ።

ጋሼ የአክስቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። በደርግ ጊዜ ሶቪየት ኅብረት ተልከው ኢንጂነር ሆነው ነው የተመለሱት። ከዚያ ካመጡት ነገር እስከ ዛሬ ያልለቀቃቸው ሻይ በማርማላታ መጠጣትና አበባ መቁጠር ነው። ሩሲያ ውስጥ ለሕያው ሰው የሚሰጠው አበባ ጎዶሎ ቁጥር ነው፤ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት። ጥንድ ቁጥር የሙት ነው፣ ለቀብር ነው የሚወሰደው። ጋሼ ኮታቸውን እንኳ ሳያወልቁ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ።

«አስር! ይሄኛውም አስር! ልጅቷን ልትድሯት ነው ወይስ ልትቀብሯት?»

«ጋሼ፣ ከእርሻው ሲወጣ እኮ በ10 ወይም በ20 ነው የሚታሰረው።»

«ሞስኮ ሲደርስ ሻጩ ይፈታዋላ!»

እርሻው ውስጥ እያለሁ የፌብሩዋሪ 14ቱ ጥድፊያ አልፎ ተንፈስ ሳንል ማርች 8 ይደርስብን ነበር። ያ ቀን ሩሲያ ውስጥ አበባ ያልያዘ ወንድ የማይታይበት ነው። ስለዚህ ነገሩ ውሸት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ግንፍሌ ነው እኮ ያለነው! ጋሼ አልሰሙኝም። ከእያንዳንዱ ዕቃ አንድ አንድ መዘዙ። አስራ አንድ እንዲሆን አንድ መጨመርም ይቻል ነበር፤ ከየት ተገኝቶ ነው እንጂ። አሁን ዕቃዎቹ ላይ ዘጠኝ ዘጠኝ ቀረ፤ ጋሼ እጅ ላይ ደግሞ አራት።

እጃቸውን አዩት። አራት ጥንድ ነው።

«እንኪ ልጄ» ብለው አንዱን ለሠራተኛዋ ሰጧት። አበባ ተሰጥቷት የማታውቅ ልጅ፣ ደንግጣ ጆሮዋ ላይ ሰካችው። ጋሼ ሦስቱን ይዘው እፎይ ብለው ተቀመጡ።

ሽማግሌዎቹ አስር ሰዓት ላይ መጡ። ሦስት ናቸው። ዋናው ጋቢ ለብሰው ከዘራ ይዘዋል። ሁለተኛው፣ አሁን አሁን ሽማግሌም ባዶ እጁን አይመጣምና፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ቀይ ጽጌረዳ ታቅፈዋል። ሲያዩት ከሱቅ እንደታሰረ የመጣ ነው። ወይ ጉድ፣ አልኩ በሆዴ።

«ቁጭ በሉ እንጂ» አለች አክስቴ።

«የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ ዋናው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ንግግራቸውን በደንብ እንደተዘጋጁበት ያስታውቃል። «መቼም የአዳም ልጅ ብቻውን እንዳይሆን...»

እኔ የማየው ጋሼን ነው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ስድስት... ሰባት... ስምንት...

«...ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን...»

«አይሆንም!» አሉ ጋሼ።

ሳሎኑ ፀጥ አለ። ዋናው ሽማግሌ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። ሦስተኛው፣ እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል ያልተነፈሱት፣ ባርኔጣቸውን ፈለጉ።

«ምነው ጌታው? ልጃችን ምን ነውር ተገኘበት?»

«በፍጹም አይሆንም! የቀብር ነው እኮ ይዛችሁ የመጣችሁት!»

«የማን ቀብር?» አሉ አበባ የያዙት፣ ድምፃቸው ተንቀጥቅጦ።

ለካ ሙሽሪት ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ትሰማ ኖሯል። ልጁ ደግሞ አራት ኪሎ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። «እምቢ አሉ» ብላ ላከችለት። ወዲያው የዋናው ሽማግሌ ኪስ ውስጥ ስልክ በመዝሙር መጮህ ጀመረ። አንስተው እንዳይመልሱ ነውር ነው፤ እንዳይዘጉት ማጥፊያው ጠፋቸው። መዝሙሩ እየጮኸ አክስቴ «አበባውን ነው! አበባውን ነው!» ትላለች። ማንም ምን እንደምትል አልገባውም።

ጋሼ ተነሱ። ሁለተኛው ሽማግሌ ጋ ሄደው ከታቀፉት እስር አንዷን ጽጌረዳ ሳብ አድርገው መዘዙ። ላስቲኩ ተንኮሻኮሸ።

«በቃ። አሁን ይሆናል» አሉ።

«ይሆናል አሉ?» ዋናው ሽማግሌ ከዘራቸውን አጥብቀው ያዙ።

«ይሆናል! ከመጀመሪያውም እንዲህ ሆኖ ቢመጣ ምን ነበረበት?»

እማማ ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ይላል። «ይሆናል» የምትለዋን ግን ጥርት አድርገው ሰሟት። እልል አሉ። ሠራተኛዋ ከወጥ ቤት ተቀበለቻቸው። ሽማግሌዎቹ «ተመስገን! የቤቱ ታላቅ ፈቀዱልን!» ብለው ተሳሳሙና ሳይጋበዙ ተቀመጡ።

አሁን ምስኪኗ አክስቴን ማየት ነበር። ዕቅዷ ሌላ ነበር። ዛሬ «ዘመድ እንማከር» ተብሎ ሊሸኙ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሊመጡ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሊመላለሱ። ልጄን በአንድ ቀን ሰጠች እንዳትባል ስንት ቀን ስታሰላው ከርማለች። ሁሉም በአንዲት ጽጌረዳ አለቀ። በዓይኗ እኔን ፈለገችኝ። የአበባዋ ልጅ እኔ ነኛ።

ምግቡ ተበላ፣ ሙዙም ተበላ። ስሸኛቸው ዋናው ሽማግሌ ደረጃው ላይ ቆም ብለው ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ በቤታችሁ ሥርዓት አበባው ስንት መሆን ነበረበት?»

«ዘጠኝ፣ ወይም አስራ አንድ አባባ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥሎሹስ? እሱም ይቆጠራል?»

ጋሼ ከውስጥ ሆነው ሰምተውናል።

«ጥሎሽ በጥንድ ነው!» አሉ። «ወርቁም በጥንድ!»