ምክትል

ዛሬ ከደብረ ሲና ስመለስ ሆዴን ባር ባር ብሎኛል። ምክንያቱን አትጠይቁኝ። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ሁሌም እንዲህ ያደርገኛል። የገዛሁትን ቆሎ ጭኔ ላይ አስቀምጬ አንድ ፍሬ እንኳ አልቀመስኩም።

የሚኒባሱ ሬዲዮ ዜና ያነባል። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትር ዴኤታ በሆነ ስብሰባ ላይ ንግግር አደረጉ አለ። አጠገቤ የተቀመጡት አባት «ዋናው የት ሄዶ ነው?» አሉ። ማንም አልመለሰላቸውም። እኔ ግን እዚያው ጥያቄ ላይ ቀረሁ።

«ዴኤታ» ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ «የመንግሥት» እንደማለት። ስሙን ካያችሁት ከዋናው ይከብዳል። ዋናውን ግን ፓርላማ ያጸድቀዋል፣ ዴኤታውን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይሾመዋል። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ይሆኑና ዘርፍ ዘርፋቸውን ይዘው ይሠራሉ። ዋናው ሲጠፋ ደግሞ ወክለው ይገኛሉ። ምክትል ማለት ያው ከመከተል ነው።

ይህን ሳሰላስል መኪናው ጉድጓድ ገባ። ሰውዬው «ይኼን ለዚያ ሰው ንገሩልኝ!» አሉ በሬዲዮው ላይ እየጠቆሙ። አባቴ፣ መንገዱ እኮ የሳቸው አይደለም፤ በ2014 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቶቹ እንደ አዲስ ሲዋቀሩ መንገዱ ለከተማና መሠረተ ልማት፣ የሚሄድበት መኪና ለእነሱ ደረሰ ልላቸው አሰብኩ። ተውኩት። ጥርሳቸውን የነቀነቀው ጉድጓድ ለማንም ይሁን ለማን ምን ይፈይድላቸዋል?

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሞተሩ ሞቀና ቆምን። ረዳቱ መኪናው ገና ሳይቆም ዘሎ ወረደ። ድንጋይ አንስቶ ከኋላ ጎማ ሥር ታኮ አደረገ። ብርዱ ይጋረፋል፣ ልጁ ስስ ሹራብ ነው የለበሰው። ከዚያ ውኃ ፍለጋ ጄሪካን ይዞ ጉሙ ውስጥ ገባ። ሾፌሩ መሪውን እንደያዘ ስልኩን ይነካካል። ተሳፋሪው ሁሉ የሰደበው ረዳቱን ነው። «ቅድም ለምን አልሞላህም!»

ምክትል ማለት ይኼ ነው አልኩ በልቤ። መሪው የእሱ አይደለም፤ ስድቡ የእሱ ነው። ሂሳብ ይሰበስባል፣ በር ይከፍታል፣ በጉም አንገቱን አውጥቶ መንገድ ያያል። ከዚያ «ሾፌሩ ጎበዝ ነው» ይባላል።

ባለፈው እሁድ እኔም የእድራችን ምክትል ሊቀ መንበር ሆኜ ተመርጫለሁ። ስመረጥ ቤቱ አጨብጭቧል። ሥልጣኔ እስካሁን የድንኳኑ መጋዘን ቁልፍ ነው። እሱንም ትናንት የት እንዳስቀመጥኩት ስፈልግ አመሸሁ።

ቤት ስገባ የመጀመሪያው ጥያቄ «ቆሎውስ?» ሆነ።

ወንበሩ ላይ ረስቼዋለሁ። ረዳቱ አግኝቶት ከሆነ ይብላው፣ ጥሩ ነው። ግን ሾፌሩ ቢሆንስ ያገኘው?