ጂሮና በብስክሌት፦ ከስድስት ቀን ሦስቱን የበላብኝ ትንሽ ብረት

ይህን የምጽፈው ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ስላጣሁ ነው። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ብስክሌት በቁም ነገር የጀመርኩት በ2024 ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ ውድድር ቱሪን ላይ ሲያሸንፍ ካየሁ በኋላ ነው። ያን ቀን ቤት ውስጥ ብቻዬን ጮኬያለሁ። ከዚያ ከአክስቴ ልጅ ጋር ብር አጠራቅመን፣ ፀሐይ ያለበት አገር ሄደን ስድስት ቀን እንንዳ ተባባልን።

የመረጥነው የስፔኗን ጂሮና ነው። የማዮርካ ደሴትም ቆንጆ ነው ይላሉ፤ እኛ ግን አስፋልትም ኮረኮንችም ፈልገን ነበር። ጂሮና ላይ ከቤት ወጥታችሁ ወደ አንዱ አቅጣጫ ስትዞሩ አስፋልት ዳገት፣ ወደ ሌላው ስትዞሩ የጫካ ኮረኮንች ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ስለሚያልፍ ግንቦትን ያዝን። መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ መስከረምና ጥቅምትም ጥሩ ናቸው። በረራው እስከ ባርሴሎና ነው፤ ከዚያ በባቡር። ቤት ስትከራዩ አሮጌው ከተማ ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ እንዳትይዙ። መንገዱ ራሱ የድንጋይ ደረጃ ነው፣ ካርቶን ተሸክማችሁ ታለቅሳላችሁ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ቀላል ነበር።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ።

ካርቶኑን ከብስክሌት ሱቅ በነፃ አገኘሁ። የአየር መንገዱ መመሪያ ፔዳሉን ፍቱ፣ መሪውን አዙሩ፣ ጎማውን አስተንፍሱ ይላል። አንድ በአንድ ፈጸምኩ። ስለ ኋላ ማርሽ መቀየሪያ ግን አንድ ቃል የለውም፤ እኔም አልነካሁትም። ባርሴሎና ካርቶኑ ሲመጣ የታችኛው ጥግ ወደ ውስጥ ገብቷል። ቡጢ የሚያስገባ ቀዳዳም አለው። እየጎተትኩ ወደ ሻንጣ ቅሬታ መስኮቱ ሄድኩ። ሴትየዋ ከወንበሯ ሳትነሳ በመስታወቱ አየት አደረገችና «ቤትህ ሄደህ ክፈተው፤ የተጎዳ ነገር ካለ በድረ ገጻችን ታመለክታለህ» አለችኝ። የአክስቴ ልጅ «ስማኝ ወንድሜ፣ እዚሁ እንክፈተው፣ ባቡሩ ይቅር» አለ። ለባቡሩ የቀረን ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ትኬቱን በእጄ ይዣለሁ። «ተው፣ ምንም አይሆንም» አልኩት። እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ሆዴን ይበላኛል።

ማታ ቤት ገብተን ገጠምነው። ሲታይ ደህና ነው። ጎማውን አንስቼ በእጄ ፔዳሉን እያዞርኩ ማርሹን ወደ ትልቁ ጥርስ ስቀይር ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ። መቀየሪያው የጎማው ሽቦዎች (ራጁ) ውስጥ ሊገባ ነበር፤ ቶሎ ለቀቅኩት። ከኋላ ተንበርክኬ አየሁ። ካቴናው የሚያልፍባቸው የመቀየሪያው ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ከላይኛው ጥርስ ጋር ቀጥ ብለው መውረድ ነበረባቸው። የእኔዎቹ የጣት ወርድ ያህል ወደ ጎማው ዘመዋል።

የተጣመመችው መቀየሪያውን ከፍሬሙ ጋር የምታያይዘዋ ማንጠልጠያ ናት። ከአውራ ጣት ብዙም የማትበልጥ የአሉሚኒየም ቁራጭ። ሆን ተብላ ለስላሳ የተሠራችው ምት ሲመጣ እሷ ተጣማ ፍሬሙን እንድታድን ነው። ችግሩ የአንዱ ብስክሌት ለሌላው አይሆንም። ቀዳዳው ትንሽ ከፍ ካለ፣ ጠርዙ ትንሽ ከተጠማዘዘ አይገባም። ስራም (SRAM) የተባለው የብስክሌት ዕቃ ኩባንያ በ2019 ለብዙ ፍሬም የሚሆን አንድ ዓይነት ማንጠልጠያ አውጥቷል። የእኔ ብስክሌት ከዚያ በፊት የተሠራ ነው።

ቅዳሜ ማታ ነበር የደረስነው። እሁድ የደወልንላቸው ሱቆች ሁሉ ዝግ። ሰኞ ሦስት ሱቅ ዞርኩ። አንዱ መካኒክ በጣም ደግ ሰው ነው፤ መሳቢያውን ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ ከእኔዋ ጋር እያስተያየ አንድ በአንድ ሞከረ። የምትሆን ጠፋች። ላቃናት ብሎ በመሣሪያ ቀስ እያለ ሲመልሳት መሐሏ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አሳየኝ። በዚች ቁልቁለት ብትወርድ ኃላፊነት አልወስድም አለ፤ እውነቱን ነው። ከባርሴሎና ታዘዘች፣ ማክሰኞ ከሰዓት ደረሰች። የሚከራይ ብስክሌት በእኔ ቁመት አልነበረም፤ ግንቦት ሁሉም ቀድሞ ይያዛል። የአክስቴ ልጅ ብቻውን ኤልስ አንጀልስ የሚባለውን ዳገት ወጥቶ ፎቶ ሲልክልኝ እኔ ወንዙ ዳር ቡና እጠጣ ነበር።

ድረ ገጹስ? ቅጹ የመጀመሪያው ሳጥን ላይ የጉዳት መዝገብ ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩ የሚሰጠው ኤርፖርት መስኮቱ ላይ ነው! ያቺ ሴትዮ ይህን አታውቅም ብዬ ማመን አልችልም። ዓለም አቀፍ በረራን በሚመለከተው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ለተጎዳ ሻንጣ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ይቻላል። ይህን አንብቤ በአምስተኛው ቀን በኢሜይል ላክሁ። የመጣው መልስ «ሳይመዘገብ ከኤርፖርት የወጣ ዕቃ በደህና እንደተረከቡት ይቆጠራል» የሚል ነው።

ስለዚህ ስሙኝ። ከአንድ ሳምንት በታች የምትሄዱ ከሆነ ብስክሌት ተከራዩ፣ ሁለት ወር ቀድማችሁ፤ የራሳችሁን ፔዳልና መቀመጫ (ሴላ) ብቻ ይዛችሁ ሂዱ። የግድ የራሴን ካላችሁ የኋላ መቀየሪያውን በብሩጎላ (ባለ ስድስት ጎን መፍቻ) ፍቱት፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ፍሬሙ ውስጥ እሰሩት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ለብስክሌታችሁ የምትሆን ትርፍ ማንጠልጠያ ግዙ። ጎማውን ጨርሳችሁ አታስተንፍሱ፣ መመሪያው የፈለገውን ይበል። የአውሮፕላኑ ዕቃ ክፍልም እንደ ሰው ክፍሉ አየር ግፊቱ የተጠበቀ ነው፣ ጎማ አይፈነዳም፤ ትንሽ አየር ያለው ጎማ ደግሞ ቸርኬውን ከምት ያድናል። ካርቶኑን ከመስኮቱ ፊት ለፊት ክፈቱት። ባቡሩ ይሂድ። ቁጥር ሳትይዙ ከዚያ ንቅንቅ አትበሉ።

የቀሩት ሦስት ቀናት ግን ካሰብኩት በላይ ነበሩ። ረቡዕ ሮካኮርባን ወጣን፤ የ1992 ኦሊምፒክ የጀልባ ቀዘፋ ከተካሄደበት ከባኞሌስ ሐይቅ አጠገብ የሚነሳ ዳገት ነው። ጫፉ 1,000 ሜትር ገደማ ነው፣ ከአዲስ አበባ ከፍታ ግማሽ አይሞላም፤ ዳገቱ ግን እግር ያንቀጠቅጣል። ሐሙስ ጋቫረስ ኮረብቶች ውስጥ ገባን። ቡሽ የሚላጥባቸው ዛፎች አሉ፤ ግንዳቸው እስከ ሰው ቁመት ተገፎ ቀይ ሸክላ መስሏል። ኮረኮንቹ እዚያ ሻካራ ነው፣ ከ40 ሚሊ ሜትር የቀጠነ ጎማ አልመክርም። ሄልሜት እንዳትረሱ፤ ስፔን ከከተማ ውጭ በሕግ ግዴታ ነው። አሽከርካሪዎቹ ሲያልፉ 1.5 ሜትር እንዲርቁ ሕጉ ያዛል፣ የገጠሙንም በአብዛኛው ይርቁ ነበር። ፍራንክፈርት ይህን አላየሁም።

ዓርብ እስከ ሳንት ፌሊዩ ደ ጊሾልስ 40 ኪሎ ሜትር ያህል በአሮጌው የባቡር መስመር ነዳን። ባቡሩ በ1969 ቆሞ ሐዲዱ ተነስቷል፤ አሁን ደቃቅ ጠጠር የለበሰ የብስክሌት መንገድ ነው። ለባቡር የተቆረጠ ስለሆነ ድንገተኛ ዳገት የለውም። መጨረሻው ባሕር ነው። ጫማችንን አውልቀን እግራችንን ውኃ ውስጥ ከተትን፤ የአክስቴ ልጅ «በሚቀጥለው ዓመት አሥር ቀን» አለ።

ለአየር መንገዱ ሦስተኛውን ደብዳቤ ባለፈው ሳምንት ልኬያለሁ። የካርቶኑን ቀዳዳ ፎቶ፣ የተሰነጠቀችውን ብረት ፎቶና የመካኒኩን ደረሰኝ አያይዣለሁ። እስካሁን መልስ የለም።